ፍላሻችሁን በምን ትሞሉት? ተከታታይ ፊልም ለምትጠይቁኝ ሁሉ

ሰላም ናችሁ ወገኖቼ። ሰሞኑን ደሴ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማውን ሸፍኖት ነው ሚውለው፣ ብርዱም እንደዛው፣ ከስራ በኋላ ሰው ሁሉ ቤቱ ነው ሚገባው፣ እና ኢንቦክሴ በአንድ ጥያቄ ብቻ ተሞልቷል፦ ምን ልይ? ሸጋ ተከታታይ ፊልም ጠቁሚኝ። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ አንዴ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው የተቀመጥኩት፣ ረዘም ይላል ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

እኔ ተከታታይ ፊልም ስመርጥ ዋናው ማየው አንድ ነገር ነው። ድራማው ይረሳል ወይስ አይረሳም? ማለቴ ሰውዬው ክፍል 2 ላይ የሰራት ነገር ክፍል 20 ላይ ትቆጠርበታለች ወይስ ደራሲው ራሱ ረስቷት አልፏል? የሞተ ሰው ሞቶ ይቀራል? የዋሸ ሰው ውሸቱ ዞሮ ያገኘዋል? የተጎዳችው ልጅ ከጉዳቷ ጋር ስትኖር እናያለን ወይስ ማልቀሷ ካለቀ በኋላ ምንም እንዳልተፈጠረ በሚቀጥለው ክፍል ተኳኩላ ትመጣለች? የተዋናዩ ማማር፣ የመኪናው አይነት፣ ተኩሱ ምናምን ለኔ ከዛ በኋላ ነው። ምክንያቱም ተከታታይ ፊልም ትልቁ ሀብቱ ጊዜ ነው፣ የሁለት ሰአት ፊልም ማይችለውን ይችላል፣ የሰው ስራ ቀስ እያለ ሲበስል፣ ከሰሪው አልፎ ምንም ያላጠፋ ሰው ላይ ሲወድቅ ሊያሳየን ይችላል። ያን ሁሉ ሰአት ወስዶብን ሲያበቃ እሱ ግን ከረሳው ሰርቆናል ነው ምለው።

ሰአት ደግሞ እኛ ጋ በዋዛ አይገኝም። መብራቱ አለ ሲሉት የለም፣ ኔቱም እንደዛው፣ ኦንላይን ቁጭ ብሎ ማየት ለብዙዎቻችን ሚታሰብ አደለም። ወይ ሌሊት ተነስተን ከቴሌግራም እናወርዳለን፣ ወይ ፒያሳ ወጥተን ፊልም ቤት ፍላሽ እናስጭናለን፣ ፍላሿ ደግሞ አንዱ ሲገባባት ሌላው ይጠፋል። ስለዚህ ምን እንደምናስጭን መምረጥ ግድ ነው፣ "ያለውን ጫንልኝ" ብሎ ሰጥቶ መሄድ እንዳትለምዱ፣ ልጁ እጁ ላይ ያለውን ነው ሚጭንላችሁ።

መጀመሪያ "ቸርኖቤል"ን አስጭኑ። 5 ክፍል ብቻ ነው፣ በፈረንጆች 2019 ላይ የአሜሪካው ኤችቢኦ ያወጣው (ፊልሞቹ የወጡበትን አመት ሁሉ በፈረንጆች ነው ምጽፈው)፣ ብዙ ቦታ አይበላም። ታሪኩ እውነተኛ ነው፣ በፈረንጆች ኤፕሪል 26፣ 1986 በኛ ሚያዝያ 18 ቀን 1978 ሌሊት ዩክሬን ውስጥ፣ ያኔ ሶቭየት ህብረት በነበረችበት ጊዜ፣ የቸርኖቤል የኒውክሌር ማመንጫ 4ኛው ሪአክተር ፈነዳ። የፍንዳታ ፊልም መስሏችሁ ከጠበቃችሁ ግን ፍንዳታው ገና ክፍል አንድ መጀመሪያ ላይ ከሩቅ በመስኮት ታይቶ ያልፋል፣ ከዛ በኋላ ያለው ፊልም በሙሉ ማን ለማን ምን ብሎ ሪፖርት አደረገ ነው። እና እመኑኝ ከየትኛውም የተኩስ ፊልም በላይ ያስጨንቃል።

አንዷን ነገር ብቻ ልንገራችሁ። ከፍንዳታው በኋላ ጨረሩን ለመለካት አንድ መሳሪያ ይመጣል፣ መሳሪያው 3.6 ሮንትገን ይላል። 3.6 ጥሩ ባይሆንም ሚያስደነግጥ አደለም ይባላል፣ ለአለቃ ይነገራል፣ አለቃው ለበላዩ ይናገራል፣ የበላዩ ወደ ሞስኮ ይደውላል፣ እየተቀባበሉ 3.6 3.6 ይላሉ። ግን 3.6 የሆነው ለምንድነው? መሳሪያው ከዛ በላይ መቁጠር ስለማይችል ነው! ጣሪያው ላይ ደርሶ ቆሞ ነው እንጂ ለክቶ አደለም። በኋላ ላይ ደህና መለኪያ ያለው መኪና ተጠግቶ ሲለካ 15,000 ሆኖ ይገኛል። እስከዛ ድረስ እሳት አደጋ ሰራተኞቹ እዛው ላይ ውሃ ሲረጩ ነበር፣ የከተማው ሰው ድልድይ ላይ ቆሞ እሳቱን ሲያይ ነበር፣ በማግስቱ ልጆች ትምህርት ቤት ሄደው ነበር። እዛ ጋ ስደርስ አቁሜው ተነስቼ ቤቱን ዞርኩት፣ መቀመጥ አልቻልኩም።

ወሎ ላይ ላደገ ሰው ደግሞ ይሄ ታሪክ ሩቅ አደለም። የ66ቱን ረሃብ ቤታችን ውስጥ ሲነገር ሰምተን ነው ያደግነው፣ ሰው ቆቦ ላይ ወልድያ ላይ መንገድ ዳር እየወደቀ ላይ ያሉት ጉዳዩ እንዲሸፈን ነበር የፈለጉት፣ አለም የሰማው እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በፈረንጆች 1973 ካሜራ ይዞ መጥቶ ከቀረጸው በኋላ ነው። ያ ፊልም በኋላ እኛው ቴሌቪዥን ላይ መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ከቤተ መንግስት ድግስ ጋር እየተቀያየረ ታየ፣ በማግስቱ ንጉሱ ወረዱ። እና ቸርኖቤልን ሳይ ስለ ሶቭየት ብቻ ነው ያየሁት ብል ይከብደኛል፣ የተሳሳተ ቁጥር ወደ ላይ ሲላክ ታች ያለው ሰው ምን እንደሚሆን እኛ ሳይነገረን እናውቀዋለን።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፣ ሁሉም እንደወረደ እውነት አደለም። ኡላና ኮምዩክ ምትባለዋ ሳይንቲስት በእውኑ አለም የለችም፣ ብዙ ሳይንቲስቶችን አንድ ላይ አድርገው የፈጠሯት ናት። መጨረሻው ክፍል ላይ ዋናው ገጸ ባህሪ፣ ሳይንቲስቱ ሌጋሶቭ፣ ፍርድ ቤት ቆሞ ቀይና ሰማያዊ ካርዶች እየሰካ ሪአክተሩ እንዴት እንደፈነዳ ሲያስረዳ ታያላችሁ፣ እውነተኛው ሌጋሶቭ እዛ ችሎት ላይ አልነበረም። ግን ኧረ ያቺን ማስረዳት እዩዋት፣ ፊዚክስ ጠላሁ ሚል ተማሪ ካላችሁ አስቀምጣችሁ አሳዩት፣ ውስብስብ ነገር ለማያውቅ ሰው እንዴት ነው ሚብራራው ለሚለው ከዛ የተሻለ አላየሁም።

በመቀጠል "ዌን ዘይ ሲ አስ"፣ እሱም 2019 ነው፣ 4 ክፍል። ኤቫ ዱቬርኔይ ናት የሰራችው። 1989 ኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ አንዲት ሴት ተደፍራ ተደብድባ ትገኛለች፣ ፖሊስ ከ14 እስከ 16 አመት የሆናቸው 5 ልጆች ይዞ አስጨንቆ ያሳምናቸዋል፣ ይፈረድባቸዋል፣ 2002 ላይ እውነተኛው ወንጀለኛ ራሱ አመነ፣ ዲኤንኤውም የሱ ሆነ። ይሄንን ከእናቴ ጋር ነው ያየሁት፣ እንግሊዝኛ ስለማትሰማ እኔ እየተረጎምኩላት። ከልጆቹ አንዱ ኮሪ ዋይዝ ይባላል፣ ፖሊሶቹ ሲመጡ የሱ ስም ሊስታቸው ላይ የለም፣ ሚፈልጉት ጓደኛውን ነው፣ እሱ ብቻውን አይሂድ ብሎ ነው አብሮት ጣቢያ የሄደው። ከሁሉም በላይ የተሰቃየው እሱ ነው፣ 16 አመቱ ስለነበረ ከትልልቆቹ እስረኞች ጋር ነው ያሰሩት። እማ ያንን ስነግራት ስኒውን አስቀምጣ "ያ አላህ፣ ጓደኛዬን ብሎ የሄደው ልጅ?" አለችኝ፣ ከዛ በኋላ ባየነው ክፍል ሁሉ እሱን ብቻ ነበር ምትጠይቀኝ፣ ያ ልጅስ? ወጣ ወይ? እናቱ ሄደችለት ወይ? የመጨረሻው ክፍል ከሞላ ጎደል የኮሪ ነው፣ ተዋናዩ ጃሬል ጀሮም ልጅነቱንም ጎልማሳነቱንም እሱው ነው የተጫወተው፣ ኤሚ ሸልመውታል ይገባዋልም። ህጻናት ባሉበት ግን አታሳዩ፣ እስር ቤቱ ከባድ ነው።

አሁን ወደ ሚረሱት ልምጣ፣ ብዙ ሰው ሊቆጣኝ ይችላል ግን አምኜበት ነው። "ፕሪዝን ብሬክ"። 2005 ላይ የወጣው ሲዝን 1 በጣም ሸጋ ነው፣ ወንድሙን ከሞት ፍርድ ለማውጣት የእስር ቤቱን ፕላን ሰውነቱ ላይ ተነቅሶ ራሱን ያሳሰረ ኢንጅነር፣ እያንዳንዷ ብሎን እያንዳንዷ ቧንቧ የራሷ ቦታ አላት፣ ክፍል 1 ላይ ያያችሁት ነገር ክፍል 15 ላይ ስራ ላይ ይውላል። ሲዝን 2ም ይሁን፣ ማምለጥና ማሳደድ ነው። ከዛ በኋላ ግን ድራማው ራሱን መርሳት ጀመረ። ሲዝን 3 ላይ ዶክተሯ ሳራ ተገደለች ተባለ፣ ያውም አንገቷ ተቆርጦ በሳጥን ተላከ ተብሎ ስንት ሰው አለቀሰ፣ ሲዝን 4 ላይ በህይወት አለች ተብላ መጣች። ኢንጅነሩ ማይክል ራሱ ሞተ፣ መቃብሩ ታየ፣ 2017 ላይ ተነስቶ መጣ። ለዛ ሁሉ ለቅሷችን ምን ሊሉን ነው? ሞት ከተሰረዘ በኋላ የሚመጣ አደጋ አያስፈራም፣ ማንም ቢሞት ይመለሳል እያላችሁ ነው ምታዩት። ስለዚህ ሲዝን 1ን እዩ፣ ካላስቻላችሁ 2ን ጨምሩ፣ እዛ ላይ አቁሙ።

"መኒ ሃይስት"ም እንደዛው ነው። ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም፣ ስፔን ውስጥ አንቴና 3 በሚባል ጣቢያ 2017 ላይ ሲወጣ 15 ክፍል ሆኖ ያለቀ ታሪክ ነበር፣ የብር ማተሚያ ቤቱ ዝርፊያ ብቻ። ኔትፍሊክስ ገዝቶ ለ22 አጫጭር ክፍል ከፋፍሎት አለም ሁሉ ሲያብድለት ነው ሌላ ዝርፊያ ተጽፎ የቀጠለው። ስለዚህ ፓርት 1ና 2 ላይ ብታቆሙ ጎደለብኝ አትሉም፣ መጀመሪያ የታሰበው ታሪክ እሱ ነው። "ስኩዊድ ጌም"ም 2021 ላይ የወጡት 9 ክፍሎች ለኔ በቂ ናቸው። "ጌም ኦፍ ትሮንስ"ን ስለ መጨረሻው ሲዝን ብዙ ተብሏል እኔ አልጨምርበትም፣ ከቤተሰብ ጋር ግን ፈጽሞ እንዳትከፍቱት፣ ይሄንን በጣም ነው ምለምናችሁ።

ከቤተሰብ ጋር ምን እንይ ለምትሉ። እዚህ እኛ ጋ መልሱ አብዛኛው ቤት ውስጥ አንድ ነው፣ ቱርክ ነው። ቃና በፈረንጆች 2016 ላይ በአማርኛ እያስተረጎመ ማሳየት ከጀመረ ወዲህ እናቶቻችን የኢስታንቡልን ሰፈር ከኛ በላይ ያውቁታል፣ እኔ በዚህ አልስቅም፣ ቀኑን ሙሉ ሲለፋ የዋለ ሰው በራሱ ቋንቋ ቁጭ ብሎ ሚያየው ነገር ማግኘቱ ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ እዛ ላይ ያለው ርዝመቱ ነው፣ አንዱ ክፍል እዛ አገራቸው ሁለት ሰአት አካባቢ ነው፣ ያንን በየሳምንቱ ለመሙላት ዝም ብሎ መተያየት፣ በዘፈን መሃል መራመድ፣ በር ስር ቆሞ ወሬ መስማት ይበዛል። በር ስር ቆሞ መስማት ባይኖር ግማሹ ድራማ አይኖርም ወላሂ።

ከነዚህ ውስጥ እኔ ምመክረው "ኤርቱግሩል"ን ነው። ከ2014 እስከ 2019 በቱርኩ ጣቢያ ቲአርቲ የተላለፈ፣ 5 ሲዝን፣ የኦቶማን መንግስት መስራች የኦስማን አባት የኤርቱግሩል ታሪክ። እኛ ቤት ረመዳን ላይ ከኢፍጧር በኋላ ነው ምናየው፣ አያቴም ትንሹ ወንድሜም እኩል ቁጭ ብለው ሚያዩት ሌላ ነገር አላውቅም፣ የሚያሳፍር ትዕይንት የለውም፣ ሽማግሌ ይከበራል፣ እናት ሃይማ ድንኳኑ ውስጥ ስትናገር ወንዶቹ ሁሉ ጸጥ ይላሉ። ወሎ ላይ ደግሞ ሌላም ሚስብ ነገር አለው፣ የሱፊው ሊቅ ኢብን አረቢ ሚገባባቸው ክፍሎች። ዚክር ሲደረግ፣ ሸኹ ቀስ ብለው በምሳሌ ሲናገሩ፣ መንዙማና ሀድራ እየሰማ ላደገ ሰው ልክ የሚያውቀው ቤት ውስጥ የገባ ነው ሚመስለው፣ አያቴ እዛ ላይ ዱዓ ታደርጋለች። ሲዝን 2 ላይ ያለው ሞንጎሉ ኖያን እንደ ጠላት ከሁሉም የበለጠ ነው፣ ያስፈራል።

ግን ሁለት ነገር። አንደኛ እንደ ታሪክ መጽሀፍ እንዳትወስዱት፣ ስለ እውነተኛው ኤርቱግሩል ሚታወቀው በጣም ጥቂት ነው፣ ኦስማን ባስቀረጸው ሳንቲም ላይ የአባቱ ስም ተጽፎ መገኘቱ ራሱ ትልቅ ማስረጃ ነው ሚባለው፣ የቀረው አብዛኛው ከብዙ ዘመን በኋላ የተጻፈና ደራሲዎቹ የሞሉት ነው። ሁለተኛ ይሄም ይረሳል። በየሲዝኑ አንድ የውጭ ጠላት፣ አንድ ምሽግ፣ አንድ ከድንኳኑ ውስጥ ያለ ከዳተኛ፣ ከዳተኛው እስኪጋለጥ ሁሉም አያየውም፣ ከተጋለጠ በኋላ ደግሞ ከሱ ምንም ሳይማሩ ቀጣዩን ያቅፉታል። ሲዝን 1ና 2 በቂ ናቸው እላለሁ፣ አያቴ ግን አልቀበልም ብላ 5ቱንም ጨርሳ ተከታዩን ድራማ "ኦስማን"ን ጀምራለች።

የኛን አገር ልተው አልችልም። "ሰው ለሰው" ኢቲቪ ላይ በሚታይበት ጊዜ ማታ መንገዱ ጭር ነበር ሚለው፣ አበበ ባልቻ አስናቀን ሆኖ ሲመጣ ቤቱ በሙሉ ነበር ሚሳደበው፣ እስካሁን ድረስ ሰው ላይ ላይ ጨዋ መስሎ ውስጥ ውስጡን ሲሰራ አስናቀ ይባላል። ያ ገጸ ባህሪ ለምን እንዲህ ቀረብን? ድምጹን ሳያነሳ ክፉ መሆን ስለቻለ ነው፣ ሱፉን ለብሶ እየተሽቀረቀረ፣ እንደምናውቀው አንድ ሀብታም ሰው። ረዝሟል፣ መሃል ላይ ላልቷል፣ ግን አስናቀ የሰራውን ድራማው አልረሳለትም ነበር። "ምን ልታዘዝ" ደግሞ ፋና ላይ ይተላለፍ የነበረው፣ አንድ ካፌ ውስጥ ሚሰሩ ሰዎች ኮሜዲ ነው፣ ካፌው ግን አገሪቷ ናት፣ እያንዳንዱ አስተናጋጅ አንድ ሀሳብ ተሸክሞ ነው ሚዞረው። ዩትዩብ ላይ አለ፣ ያኔ ስታዩት የሳቃችሁበትን አሁን እንደገና ብታዩት እዛው ቦታ ላይ ትሳቁ አትሳቁ እርግጠኛ አደለሁም።

ከሁሉም በላይ ግን "እረኛዬ"። አርትስ ቲቪ ላይ የወጣ፣ ከጻፉት ውስጥ አዜብ ወርቁና ቅድስት ይልማ አሉበት፣ ያዘጋጀችውም ቅድስት ናት። እኔ ስለ አማርኛው ነው ምናገረው። ብዙ ድራማዎቻችን ላይ ገጠሬ ሲመጣ ወይ ለማሳቂያ ነው ወይ ለማሳዘኛ፣ ንግግሩም ከተሜ ጸሀፊ ገጠር እንዲህ ይናገራል ብሎ የገመተው ነው። እዚህ ላይ ግን ሰው ሲናገር እውነተኛ ሰው ነው ሚናገረው፣ ምሳሌያዊ አነጋገሩ ለጌጥ አልገባም፣ ሰውዬው ሌላ መናገሪያ ስለሌለው ነው። እናቴ "ይሄ እኮ የኛ ሰው ነው" ነበር ያለችው። መሬት ለሰው ምን እንደሆነ ከዚህ በላይ ያሳየኝ የኛ ድራማ የለም። ካላያችሁት ቸርኖቤልንም ትታችሁ እሱን ጀምሩ፣ ሰብታይትል ማያስፈልገው ነገር እያለ!

ለብቻችሁ ማየት ለምትፈልጉ "ብሬኪንግ ባድ" አለ፣ ከ2008 እስከ 2013፣ 5 ሲዝን 62 ክፍል። ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል ወይ ሰምታችሁታል፣ ካንሰር የያዘው የኬሚስትሪ አስተማሪ አደንዛዥ እጽ ማብሰል ይጀምራል። እኔ አስተማሪ ስለሆንኩ ሊሆን ይችላል፣ ከሁሉም በላይ ያልረሳሁት የመጀመሪያው ክፍል ላይ ያለችው ትንሽ ነገር ናት። ዋልተር ከክፍል በኋላ መኪና እጥበት ይሰራል፣ ተንበርክኮ ጎማ ሲወለውል ባለመኪናው ማን ሆኖ ይመጣል? ጠዋት ክፍል ውስጥ ሲረብሸው የነበረ የራሱ ተማሪ። ልጁ ያሾፍበታል፣ ያልፋል። ከክፍል በኋላ ቲቶሪያል ለቲቶሪያል ሚሯሯጥ አስተማሪ ሁሉ ያቺን ቦታ ሲያይ ጉሮሮው ይያዛል። የድራማው ትልቅነት ግን እዛ ላይ አልቆመም፣ ያዘንንለት ሰው ቀስ በቀስ እያንዳንዱን ነገር "ለቤተሰቤ ነው" እያለ ሲሰራ እኛም አብረነው እንሄዳለን፣ የሆነ ቦታ ላይ ግን እኔስ ለምንድነው እስካሁን ከሱ ጋ ያለሁት ብላችሁ ትነቃላችሁ። ምንም አይረሳም፣ ሲዝን 2 ሲጀምር መዋኛ ገንዳ ውስጥ ሚንሳፈፍ ግማሹ የተቃጠለ ሮዝ የህጻን መጫወቻ ድብ ታያላችሁ፣ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ሲዝኑን መጨረስ አለባችሁ፣ ስታውቁት ደግሞ ትደነግጣላችሁ። ከሱ ቀጥሎ "ቤተር ኮል ሶል"፣ 6 ሲዝን፣ ቀስ ያለ ነው፣ ትዕግስት ካላችሁ ከብሬኪንግ ባድም ይበልጣል ባይ ነኝ፣ ግን ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ።

እና የመጨረሻው፣ ሰው ሁሉ እንዲያየው ምመኘው፣ "ዘ ዋየር"። ከ2002 እስከ 2008፣ 5 ሲዝን 60 ክፍል፣ ባልቲሞር ምትባል የአሜሪካ ከተማ። የጻፉት ዴቪድ ሳይመንና ኤድ በርንስ ናቸው፣ አንዱ እዛው ከተማ የባልቲሞር ሰን ጋዜጠኛ የነበረ፣ ሌላው እዛው ከተማ የግድያ መርማሪ ፖሊስ የነበረና ከዛ ወጥቶ አስተማሪ የሆነ። አክተሩ ማነው ብላችሁ ብትፈልጉ አታገኙም፣ ከተማዋ ናት። ሲዝን 1 ፖሊስና እጽ ሻጮች፣ ሲዝን 2 ወደቡ፣ ሲዝን 3 ፖለቲካው፣ ሲዝን 4 ትምህርት ቤቱ፣ ሲዝን 5 ጋዜጣው። በየሲዝኑ አንድ በር ይጨመራል፣ ያለፈው በር ግን አይዘጋም።

ሲዝን 4 ላይ ልቆይ። 8ኛ ክፍል ሚገቡ 4 ልጆች አሉ፣ ማይክል፣ ናመንድ፣ ራንዲ፣ ዱኪ። አስተማሪያቸው ፕሬዝ ሚባል ነው፣ ፖሊስነቱን ትቶ ሂሳብ ሊያስተምር የመጣ፣ መጀመሪያ ላይ ልጆቹ ይጫወቱበታል። ሚያስተምርበት መጽሀፍ አሮጌና የተቀዳደደ ነው፣ አንድ ቀን ምድር ቤት ያለው መጋዘን ሲገባ አዲስ መጽሀፍ ከነካርቶኑ ተከምሮ ኮምፒውተርም ጭምር አቧራ ጠጥቶ ያገኛል። ማንም አልሰረቀውም፣ ማንም አልደበቀውም፣ ዝም ብሎ ማንም አላወጣውም። ኧረ እኔስ ምን ልበላችሁ፣ አስተማሪ የሆናችሁ ታውቁታላችሁ። ከዛ ልጆቹ ዳይስ እንደሚጫወቱ ያያል፣ ፕሮባቢሊቲን በዳይስ ያስተምራቸዋል፣ ማይሰሙት የነበሩት ልጆች ተንጠራርተው ይመልሳሉ። ደስታው ብዙ አይቆይም፣ ፈተና ደርሷልና ሚወጡትን ጥያቄዎች ብቻ አስለማምድ ይባላል።

ዱኪ ሚባለው ልጅ ድሃ ነው፣ ልብሱ ይሸታል፣ ሌሎቹ ይሸሹታል። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ አንዷ ተማሪ የሌላዋን ፊት በምላጭ ትተለትለዋለች፣ ደም፣ ጩኸት፣ ሁሉም ከቆረጠችው ልጅ ይርቃል፣ እሷ ራሷ ያደረገችው ነገር ገብቷት መሬት ላይ ቁጭ ብላ ፈዛለች። ዱኪ ከቆሻሻ አንስቶ የጠገናት ትንሽዬ በባትሪ ምትሰራ ፋን ነበረችው፣ ቀስ ብሎ ይጠጋትና አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ ፋኗን ፊቷ ላይ ያዞርላታል። አንድ ቃል አይናገርም። ማንም ማይቀርበው ልጅ ማንም ማይቀርባትን ልጅ ቀረባት። ደራሲው ይሄን ሲጽፍ ሙዚቃ አልጨመረበትም፣ ጠጋ ብሎ አሳይቶን አለፈ።

እና ደግሞ ከልጆቹ አንዱ ከቅጣት ለማምለጥ ብሎ ለትምህርት ቤቱ ሃላፊ አንዲት ነገር ይናገራል፣ ከአፉ ያመለጠች አንድ ዓረፍተ ነገር። ያቺ ነገር ከሃላፊዋ ወደ ፖሊስ፣ ከአንዱ ፖሊስ ወደ ሌላው ስትሄድ ታያላችሁ፣ እያንዳንዱ ሰው ትንሽ ቸልተኛ ነው፣ ማንም ክፉ አደለም፣ ግን ዞራ ዞራ ልጁ ቤት ስትደርስ ምን እንደምታደርግ አልነግራችሁም። እኔ ተማሪ ሚስጥር ሲነግረኝ ከዛ በፊት ከማስበው በላይ አስባለሁ አሁን።

ለጀማሪዎች፣ እንግሊዝኛው የሰፈር ቋንቋ ስለሆነ ይከብዳል፣ ፊልም ቤት ስትሄዱ ከነሰብታይትሉ መጫኑን እዛው ከፍታችሁ አረጋግጡ፣ ቤት ከደረሳችሁ በኋላ መመለስ አለ። የመጀመሪያዎቹ 3 ወይ 4 ክፍሎች ላይ ማን ማን እንደሆነ ላይገባችሁ ይችላል አብሽሩ፣ አትተዉት፣ ወረቀት ላይ ስም መጻፍም ይረዳል። ስድብና ግድያ ስላለበት ከልጆች ጋር አይሆንም። እና ብዙ ሰው የኔን ወሬ ሰምቶ ቀጥታ ሲዝን 4ን ጫንልኝ ይላል፣ እሱን እንዳታደርጉት። ያ ልጆቹን ለማትረፍ ሚባክነው አስተማሪ ፕሬዝ ሲዝን 1 ላይ ፖሊስ እያለ ሌሊት ሰፈር ገብቶ አንድ የ14 አመት ልጅ መኪናው ላይ ተደገፈ ብሎ በሽጉጡ ሰደፍ ፊቱን መትቶ አንድ አይኑን አጥፍቶታል።